የባሂራ ሳይክል አይብ አልሸከምም ሲል

ባሂራና እኔ በአንድ አጥር እንዋሰናለን። ቤታችን ከቡታጅራ ወጣ ብሎ መስቃን ገጠር ውስጥ፣ ወደ አስፋልቱ በሚያወጣው የአፈር መንገድ ዳር ነው። ባለቤቴ የእርሻ ባለሙያ ሆኖ ወደዚህ ሲመደብ ተከትዬው መጣሁ፤ እሱ ካረፈ በኋላም ልሂድ አልሂድ ስል እዚሁ አረጀሁ። ማለዳ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ ባሂራ ጭነቷን ይዛ በፊቴ ታልፋለች። ስትሄድ ጀርባዋን፣ ስትመለስ ፊቷን አያለሁ። ቀኑ እንዴት እንደዋለላት ከፊቷ አይጠፋኝም።

ሥራዋ አይብ ማድረስ ነው። የሰፈራችን ሴቶች አይባቸውን አጥልለው፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ገና ጎህ ሲቀድ እሷ ደጃፍ ያመጣሉ። እሷ ከሁሉም ሰብስባ ቡታጅራ እሌኒ ክትፎ ቤት ታደርሳለች። ቆጮ ሲገኝም ቆጮ ትጨምራለች። እሌኒ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን እንግዶቿ ረፋድ ላይ መምጣት ይጀምራሉ፤ ክትፎው ቀርቦ አይቡ ገና መንገድ ላይ ነው ሲሏት አትወድም። ባሂራ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቿን ያሳደገችው በዚች አይብ ነው። የእሌኒን ቤት ካጣች የምታስገባበት ሌላ ቤት የላትም፤ ያሉት ክትፎ ቤቶች ሁሉ የየራሳቸው አምጪ አላቸው። የሰፈሩ ሴቶችም ወተታቸውን የሚንጡት እሷን አምነው ነው።

ድሮ በሰይዶ ጋሪ ነበር የምትሄደው። ሰይዶ ጥሩ ሰው ነው፤ ፈረሱም ጥሩ ነው፤ ብቻ ሁለቱም ደስ ሲላቸው ነው የሚነሱት። አንዳንድ ቀን ባሂራ አይቧን ታቅፋ መንገድ ዳር ቆማ ስትጠብቅ አያታለሁ። ከቅጠሉ የሚንጠባጠበው አጓት ቀሚሷን ሲያረጥበው እሷ መንገዱን ብቻ ታያለች።

ሳይክሉን ያመጣላት ታናሽ ወንድሟ ሙንታሲር ነው። ወልቂጤ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳል። በስልክ ስታወራው ሁልጊዜ «ዛሬም ሰይዶ አስረፈደኝ» ስትል ይሰማ ኖሮ፣ አንድ ቀን ከአይሱዙ ላይ አረንጓዴ ሳይክል አወረደ። ፔዳል አለው፤ ግን ወገቡ ላይ ጡብ የሚያህል ባትሪ ተሸክሟል፤ የኋላ ጎማው መሐል ደግሞ ሞተር አለው። ፔዳሉን ሲረግጡት ሞተሩ ያግዛል።

«እንደ አባባ ሳይክል ነው» አላት። «ማታ ቻርጅ ታደርጊዋለሽ፣ ጠዋት ትነጂዋለሽ። አለቀ።»

«ሲበላሽስ?»

«አዲስ ነገር ምን ሆኖ ይበላሻል?»

ሻጮቹ ጥቂት ከተነዳ በኋላ መልሳችሁ አምጡት ብለውት ነበር። ይህን ግን ያን ቀን አልነገራትም። ነጋዴ ነውና፣ ሌላ ዕቃ ሊሸጡልኝ ነው ብሎ ናቀው።

ለባሂራ ሳይክል መንዳት አዲስ ነገር አይደለም። አባቷ በሕይወት ሳሉ ሳሙናና ጨው በሳይክል እየዞሩ ይሸጡ ነበር። ልጅ ሳለች የእሳቸውን ከባድ ሳይክል ከብረቱ ሥር እግሯን አሾልካ ትነዳ እንደነበር የሰፈሩ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ያወራሉ። አዲሱን ይዛ እስከ አስፋልቱ ሄዳ ስትመለስ ነጠላዋ ወደ ኋላ ይውለበለብ ነበር። ደጃፌ ላይ ቆመችና «እማማ፣ ከኋላዬ ሰው የሚገፋኝ ነው የሚመስለው» አለችኝ። ፈገግታዋ ከፊቷ አልወርድ አለ። እኔም ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጫነች። ቆጮውን ከኋላ መጫኛው ላይ አሰረች። አይቡን ግን ከቆጮ ጋር አታስረውም፤ ይጨፈለቃል። አባቷ እንደሚያደርጉት በመሪው ላይ በግራ በኩል አንጠለጠለችው፤ እየተወዛወዘ ጉልበቷን እንዳይመታት ደግሞ የታሰረበትን ቃጫ በፍሬኑ እጀታ ላይ አንድ ጊዜ አዞረችው። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ ነበር የሚጭኑት፤ እጇ ያወቀው ይህን ነው። ከዚያ ወጣችና ፔዳሉን ረገጠች።

ሞተሩ አልተነሣም። መሪው ላይ ያለችው ትንሽ መስኮት በርታለች፤ ባትሪው ሙሉ ነው ትላለች። ባሂራ ወርዳ አየችው፤ ገፋችው፤ ጎማው በነፃ ይዞራል። እንደገና ወጣችና በገዛ እግሯ እየረገጠች፣ ወገቧ እየተጠማዘዘ ሄደች። ከኋላ ያለችው ቀይ መብራት በጭጋጉ ውስጥ እንደ ፍም ሆና እስከ መታጠፊያው ድረስ ታየችኝ። ቢያንስ መብራቱ ያምራል ብዬ አሰብኩ።

ዘግይታ ደረሰች። እሌኒ አይቡን ተቀብላ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ግን ሞተሩ ተነሥቶ በደህና አመጣት። ፊቷን ሳየው የተናደደችም የተደሰተችም አትመስልም፤ ግራ ገብቷታል።

«ሲሄድ እምቢ አለኝ፤ ሲመለስ መጣ» አለችኝ።

«ሲሄድ ጭነት ነበረበት። ከብዶት ይሆናል።»

«ሙንታሲር እኔን የሚያህል ሰው ከኋላ ያፈናጥጣል ብሎኛል እኮ፣ እማማ።»

በማግስቱ ጭነቱን አሳነሰች። እምቢ አለ። በሦስተኛው ቀን ከዚያም አሳነሰች፤ እምቢ አለ። ብርዱ ነው ብላ ባትሪውን አውጥታ በብርድ ልብስ ጠቅልላ አሳደረችው። ጎረቤቶች የሚያውቁትን ሁሉ አዋጡ። አንዷ መብራት ኃይል በሰጠ ቁጥር ቻርጅ ላይ ይዋል አለች፤ ሌላዋ ሆዱ ከጠገበ ይሰንፋል፣ በግማሹ ነቅለሽ ተዪው አለች። አንድ ሽማግሌ ዱዓ አደረጉለት። መስኮቷ ራሷ ግራ ታጋባለች፤ ዳገት ላይ ባትሪው ተሟጠጠ ብላ ታሳይና ቆሞ ሲያርፍ መልሶ ሞላ ትላለች። ባሂራ «ያረፈ ሰው እንጂ ያረፈ ባትሪ ሰምቼ አላውቅም» ትላለች። ፍሬኑም ሲያዝ እንደ ጥጃ ይጮሃል። ጎማው ሲዞር ደግሞ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አለው። የትኛው የበሽታ፣ የትኛው የጤና ድምፅ እንደሆነ የሚነግራት ሰው አልነበረም።

ከሁሉም ያደናገረን ግን ሐሙስ ዕለት የሆነው ነው። የዚያን ቀን ሴቶቹ አይቡን አዘገዩና ባሂራ መጀመሪያ ቆጮውን ብቻ አድርሳ ልመለስ ብላ ጫነች። ከመቼውም የከበደ ቆጮ ነበር። ሞተሩ ወዲያው ተነሣ፤ ዳገቱን እያፏጨ ወጣ። ደርሳ ተመለሰችና አይቡን አንጠለጠለች። አይቡ ከቆጮው ሩብ አይሆንም። ሞተሩ ዝም አለ።

ሰይዶ ጋሪው ላይ ተቀምጦ ሲያይ ነበር። ሳይክሉ ከመጣ ወዲህ ገበያው ቀዝቅዞበታልና ያያል።

«አንቺ ባሂራ፣ አሁን ገባኝ» አላት። «ሳይክልሽ ክርስቲያን ነው።»

«ምን ትላለህ አንተ?»

«ጾም ይዟል። ቆጮ ይሸከማል፣ አይብ አይነካም። የእማማ ጎረቤት ሆኖ ከሳቸው ለምዶ ነው።»

«ሰይዶ» አልኩት፣ «ዛሬ ሐሙስ ነው። እኔ ራሴ አይብ እበላለሁ።»

«እንግዲያው ከእርስዎ የባሰ አጥባቂ ነው» አለና ፈረሱን መታ አደረገው። «የኔ ፈረስ ግን ሃይማኖት አይለይም። በፈለግሽ ጊዜ ነይ፣ ባሂራ።»

ሳቅን። ባሂራም ሳቀች፤ ግን ሳቋ ቶሎ ጠፋ። በኋላ አጥሩን ተደግፋ ዝቅ ባለ ድምፅ «እማማ፣ አይብ የሚጠላ ብረት ይኖራል እንዴ?» አለችኝ። የቀልድ አልነበረም። እኔም አይኖርም ለማለት አልደፈርኩም፤ በዓይኔ አይቻለሁና።

ያን ሳምንት እሌኒ ተናገረች። ባሂራ እንደነገረችኝ፣ እሌኒ አይቡን እየተቀበለች እጇን ሳታቆም ነው የተናገረችው።

«ባሂራ፣ ኡሚን ታውቂያታለሽ?»

«አውቃታለሁ፣ እትዬ።»

ኡሚ ከማዶ ሰፈር አይብ የምታመጣ ሴት ናት፤ በባጃጅ ነው የምትመጣው።

«በሰዓቱ ላድርስልሽ እያለችኝ ነው። ካንቺ ጋር የቆየን ነን ብዬ እስካሁን ዝም አልኳት። ጋሪ እያለሽ ታረፍጂ ነበር፣ እሺ፣ ጋሪ ነው። አሁን ሞተር ተገዝቶልሽ ከጋሪው ባሰብሽ። እኔስ ምን ብዬ ልረዳሽ?»

«ይስተካከላል፣ እትዬ።»

«ይስተካከል። ማርፈድሽ አንሶ አንድ ቀን ከቀረሽብኝ ግን ኡሚን እሺ እላታለሁ።»

ስትመለስ ሳይክሉን እየነዳች ሳይሆን እየገፋች ነበር። ሞተሩ እንደሚሠራ ታውቃለች፤ ልትቀመጥበት ግን አልፈለገችም።

«ለወንድምሽ ለምን አትነግሪውም?» አልኳት።

«ምን ብዬ፣ እማማ? የሰጠኸኝ አይረባም ልበለው? ለዓረፋ ሲመጣ እንዴት ነው ብሎ ይጠይቀኛል። ያኔ ደህና ሆኖ መገኘት አለበት።»

«እንግዲያው ወደገዛበት ውሰጂው።»

«ወልቂጤ? ሱቁ ከሱ ሱቅ ፊት ለፊት እኮ ነው።»

ትንሽ አሰበችና «አብረውኝ ይሂዱ» አለችኝ። «ድንገት ካየኝ እርስዎን ሐኪም ቤት ላደርስ መጣሁ እለዋለሁ።»

«ሳይክሉንስ ምን ትይዋለሽ?»

«እሱን ገና አላሰብኩበትም።»

በማግስቱ አይቡን አድርሳ እንደተመለሰች ሄድን። ሳይክሉ ከሚኒባሱ ጣራ ላይ ታስሮ፣ እኔ ከሹፌሩ ኋላ፣ እሷ ደግሞ በየመታጠፊያው አንገቷን በመስኮት አውጥታ ወደ ጣራው እያየች። ወልቂጤ ስንደርስ ፊቷን እስከ ዓይኗ ድረስ በሻርፗ ሸፍና ሳይክሉን እየገፋች ሱቁ ውስጥ እንደ ሌባ ገባች።

የሚጠግነው ነብዩ የሚባል ወጣት ነው። ባሂራ ያለውን ሁሉ ነገረችው፤ አይብ የሚለውን ግን ዘለለችው። ጭነት ሲጫንበት አይሄድም አለችው። ነብዩ ሳይክሉን ይዞ ወጣ፣ ኮብልስቶኑን አንድ ጊዜ ዞረ፤ ሞተሩ እያፏጨ ሄደ። አንድ ከባድ ጓደኛውን ከኋላ አፈናጦ ደግሞ ዞረ። ሄደ።

«እህቴ፣ ምንም አልሆነም» አላት።

«እኛ አገር አይሄድም።»

«እናንተ አገር ምን የተለየ ነገር አለ?»

ባሂራ እኔን አየችኝ። እኔም የታመመ ልጇን ይዛ ሐኪም ቤት ስትደርስ ልጁ ተነሥቶ የሚጫወትባትን እናት አስታወስኩ። በመጨረሻ መሬት መሬቱን እያየች «አይብ ስጭንበት ነው» አለችው።

ነብዩ አልሳቀም። ጓደኛው ግን ወደ ጓዳ ገባ፤ ከዚያ ሲያስል ሰማነው።

ነብዩ ሳይክሉን አቆመና አንድ በአንድ ይነካካ ጀመር። ካቴናውን አየ። ጎማውን አንሥቶ አዞረው፤ ቀጭ ቀጭ ሲል ጆሮውን አስጠጋ። ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አደረገ። ፍሬኑን በያዘ ቁጥር የኋላዋ ቀይ መብራት ትበራለች።

እኔ ዝም ብዬ ከምቀመጥ አንድ ነገር ልበል ብዬ «ይቺ መብራት ታምራለች» አልኩ። «ማለዳ ስትሄድ ከቤቴ እስከ መታጠፊያው ድረስ ታየኛለች።»

«ፍሬን ስትይዝ ነዋ፣ እማማ።»

«አይ፣ ሳትይዝም። መንገዱን በሙሉ።»

ነብዩ ቀና አለ። «ፍሬን ይዘሽ ነው የምትነጂው?» አላት ባሂራን።

«እንዴት አድርጌ? ፍሬን ተይዞ ይነዳል እንዴ?»

«አይቡን የት ነው የምትጭኚው?»

ባሂራ ሻርፗን ፈታችና ጠቅልላ እንደ አይብ አደረገችው፤ በመሪው ላይ በግራ በኩል አንጠለጠለችው፤ ጫፉን በፍሬኑ እጀታ ላይ አንድ ጊዜ አዞረችው። ነብዩ እጀታውን በጣቱ አሳያት። ሻርፑ ስለተጠመጠመበት የጥፍር ያህል ተስቧል። ቀይዋ መብራት በርታለች።

«ይኸውልሽ» አላት። «ፍሬኑ ገና ጎማውን አልያዘም፤ ለዚህ ነው ስትገፊው የሚሄድልሽ። ሞተሩ ግን ፍሬን በትንሹ ሲነካ ይጠፋል። እንዲጠፋ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ሰው ላቁም ሲል ሞተሩ እንዳይገፋው።»

«የአባቴ ሳይክል እንዲህ አያደርግም ነበር።»

«የአባትሽ ሳይክል ሞተር የለውማ።»

ባሂራ ሻርፗን ፈታችው። ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ፊቷ ቀላ። ያን ሁሉ ማለዳ በእግሯ ዳገት የወጣችው በገዛ ቃጫዋ ነው። ተናደደች፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን እሷም አላወቀችም።

«እንግዲያው ደህና ነው» አለችና ሳይክሉን ልትይዝ ስትል ነብዩ እጁን ጫነበት።

«ደህናስ አይደለም። የጎማውን ቸርኬ የሚይዙት ሽቦዎች ላልተዋል፤ ይሄ ቀጭ ቀጭ የሚለው እሱ ነው። የፍሬኑም ሽቦ ተስቧል፣ ብሎኖቹም መጠበቅ አለባቸው። ዛሬ አስቀምጪውና ነገ ውሰጂው። ከዚያ ወር ሲሞላው ደግሞ አምጪው፤ በኋላም በየጥቂት ወሩ።»

«ይሄን ሁሉ ካለው ለምን ሸጣችሁት?»

«አዲስ ስለሆነ ነው የሚላላው።»

«አዲስ ከሆነ ለምን ይላላል?»

ነብዩ ራሱን አከከ። «የጠፍር አልጋ አሠርተሽ አታውቂም? አዲሱ ጠፍር ሰው ሲተኛበት ይረግብ የለም እንዴ? መጀመሪያ ሰሞን አንድ ሁለቴ ካልተወጠረ መሬት ይነካል። ከዚያ በኋላ ነው ቦታውን የሚይዘው።»

ይህ ለኔ ገባኝ። ለባሂራ ግን የገባት ግማሹ ነው። ነገ የሚለውን ቃል ነው የሰማችው፤ ነገ ደግሞ እሌኒ አለች። ሳይክሉን ይዛ ወጣች። ነብዩ እየተከተለ «እህቴ፣ ሽቦው ይበጠሳል» ቢላትም መልሳ አላየችውም። ወንድሟ በሱቁ ደጃፍ ጨርቅ ሲያሳይ ነበር፤ እኔ ከፊቱ በኩል፣ እሷ ከኔ ወዲያ ሆነን አለፍን። አላየንም። አይቶን ዝም ብሎም እንደሆነ እንጃ።

ከማግስቱ ጀምሮ አይቡን በፕላስቲክ ቅርጫት አድርጋ ከቆጮው በላይ ጣውላ አስገብታ አሰረችው። ሞተሩ ሠራ። ሰይዶ መንገድ ላይ ሲያገኛት «ፈሰከ?» ይላታል። እሌኒ ጋ ገና በሩ ሳይከፈት የምትደርስበት ቀን መጣ። እሌኒ መጀመሪያ ቀን ሰዓቷን አየች፤ በሁለተኛው ቀን አላየችም። ሴቶቹም ተረጋጉ።

ቀጭ ቀጩ ግን እየባሰ ሄደ። ባሂራ ስትመለስ ሳይክሉን ግድግዳው ላይ አስደግፋ የኋላ ጎማውን ታዞራለች፤ ጆሮዋን አስጠግታ ታዳምጣለች። አንድ ቀን ጠርታኝ እኔም አዳመጥኩ።

«ትናንትም እንዲህ ነበር?» ትለኛለች።

«እኔ እንጃ ልጄ። ትናንት አልሰማሁትም።»

«ደህና ይሄዳል እኮ። ደህና የሚሄድ ነገር ይታከማል እንዴ?»

ሰው ሳይታመም ሐኪም ቤት አይሄድም፤ እኛ ያደግነው እንዲህ ነው። ላም እንኳ ሳርዋን ከበላች፣ ወተቷን ከሰጠች ማን ይነካታል።

አንድ ማለዳ አስፋልቱ ላይ ጧ አለና ከቸርኬው ሽቦዎች አንዱ ተበጠሰ። ጎማው እየተንገዋለለ፣ ብረቱን እየፈተገ አደረሳት። አይቡ በሰዓቱ ደረሰ። ስትመለስ ሞተሩን አጥፍታ እየገፋች ነበር፤ ደጃፌ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ሌላው ሲበጠስ ደግሞ መንገድ ላይ ያስቀረኛል፣ እማማ። የዚያን ጊዜ ማንም አያደርስልኝም። ሳላስበው ከምቀር አስቤ ልቅርና ላሠራው።»

«ታዲያ የዚያን ቀን ሰይዶ ይውሰድልሽ።»

ሰይዶን ጠየቀችው። ሰይዶ ያን ጊዜ አልቀለደም። «ነገ ገበያ ነው፣ ባሂራ፤ ሰው እጭናለሁ። እሺ ብዬሽ ባረፍድ የኔ ስም አይደለም የሚጠፋው» አላት።

ከሰዓት በኋላ ባሂራ ወደ ማዶ ሰፈር ወረደች። ኡሚ ጋ ነው የሄደችው። ስትመለስ የኛን ሰፈር አይብ ነገና ከነገ ወዲያ ኡሚ በባጃጇ እንድትወስድላት መለመኗን ነገረችኝ።

«ልጄ፣ ቦታሽን የምትፈልገውን ሴት በገዛ እጅሽ ልታስገቢያት ነው?»

«በሩን እሷም ታውቀዋለች፣ እማማ። የኔን አይብ ይዛ ብትገባ ይሻለኛል፤ የራሷን ይዛ ከምትገባ።»

«እሺ አለችሽ?»

«እሺ አለች። ለምን እሺ እንዳለች ግን አልገባኝም። ለደግ ይሁን ለሌላ፣ ፊቷን ባየው ባየው አልለይ አለኝ።»

ከዚያ እሌኒ ጋ ደወለች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ የእሌኒ ድምፅ ከስልኩ ውጭ ይሰማል።

«ነገና ከነገ ወዲያ እኔ አልመጣም፣ እትዬ። አይቡ ግን በሰዓቱ ይደርሳል። ኡሚ ታመጣዋለች።»



«የት ልትሄጂ ነው?»

«ሳይክሉን ላሠራ፣ ወልቂጤ።»

«አዲስ አይደለም እንዴ?»

«አዲስ ስለሆነ ነው አሉኝ። እኔም በደንብ አልገባኝም።»

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አለችና እሌኒ ዘጋችው። ይህ እሺ ይሁን እምቢ ሁለታችንም አላወቅንም።

ማለዳ ኡሚ በባጃጅ መጣች። ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ናት። «አሰላሙ አለይኩም» ብላ አይቡን በሁለት እጇ እንደ ሕፃን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ባሂራ ባጃጁ እስኪሰወር ድረስ ቆማ አየችው። ከዚያ ሳይክሉን ይዛ መኪና ልትይዝ ወደ አስፋልቱ ወጣች።

ወልቂጤ አደረች። ያደረችው ወንድሟ ቤት ነው። እንዴት ብላ እንደነገረችው አላውቅም፤ እሷም አልነገረችኝም። ብቻ ሙንታሲር ሻጮቹ ያሉትን ያኔ እንዳልነገራት አምኖላታል፤ ነብዩ ሱቅም አብሯት ሄዷል። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቡታጅራ ከሚኒባስ ወርዳ ቤቷ ሳትመጣ በቀጥታ ወደ እሌኒ ሄደች። ጎማው ድምፅ የለውም።

እሌኒ ደጃፍ ላይ ቢላ ትስል ነበር።

«ኡሚ ትናንትም ዛሬም በሰዓቱ አመጣች» አለቻት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ባሂራ።

«አይቡ ግን የሰፈርሽ ነው አይደል? ለስልሶ የሚቆየው።»

«የኛ ነው፣ እትዬ።»

«እሷም እንዲያ አለችኝ። የባሂራ ነው፣ እኔ አድራሽ ነኝ አለች።» እሌኒ ቢላውን በአውራ ጣቷ ሞከረችው። «ነገ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ጨመር አድርጊ። የሠርግ እንግዶች ይመጡብኛል።»

ባሂራ ይህን ሰምታ ዝም ብትል ያልቅ ነበር። ግን ነብዩ ያላትን ደብቃ ሌላ ቀን በድንገት መቅረት አልፈለገችምና ተናገረች። «ወር ሲሞላው ደግሞ አንድ ቀን እቀራለሁ፣ እትዬ። በየጥቂት ወሩ መታየት አለበት ብለውኛል።»

እሌኒ ሳይክሉን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ይሄ ሳይክል ነው ወይስ ነፍሰ ጡር?»

«እኔም እንጃ።»

«እንግዲህ ያን ቀንም ኡሚን ላኪያት» አለችና ቢላዋን ይዛ ገባች።

ባሂራ ይህን ሁሉ የነገረችኝ ማምሻውን አጥሩን ተደግፋ ነው። ሳይክሉ ከኋላዋ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሴቶቹ ነገ የሚመጣውን አይብ እንዲጨምሩ ልጆቿን ልካለች።

«ኡሚን ላኪያት ስትል ምን ማለቷ ነው፣ እማማ? ጥሩ ነው መጥፎ? ቦታዬን ጠበቀችልኝ ወይስ ለሁለት ከፈለችው?»

እኔም አሰብኩበት። የእሌኒን ፊት አላየሁ፤ የኡሚን ልብ አላውቅ።

«ነገ የምታደርሺው አንቺ ነሽ?» አልኳት።

«እኔ ነኝ።»

«በይ ግቢና ተኚ።»